የእግረኛው መንገድና ጠባቂዎቹ፦ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር የጥገና ታሪክ

ስለ አገራችን የመንገድ ሥራ ታሪክ በሙያችን የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል መነሻው አንድ ነው። በ1943 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 115 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘው 5 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ብድር የመጀመሪያው የመንገድ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በኪሎ ሜትር እየተቆጠረ ይተረካል። ጥቂት ወደ ኋላ የሚሄድ ጸሐፊ ኢጣሊያ በወረራው ዘመን የዘረጋችውን መንገድ ያነሣል፤ ከዚያም የራቀ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማድረስ ያስጠረጉትን ጎዳና ይጠቅሳል። የእነዚህ ትረካዎች ሁሉ የጋራ ጠባይ የሚቆጥሩት የተሠራውን መሆኑ ነው። ከተሠራ በኋላ ማን እንደ ጠበቀው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ጎርፉ የቦረቦረውን ማን እንደ ደፈነ፣ መሻገሪያው ሲፈርስ ማን እንደ ገና እንደ ደለደለ የሚናገር ገጽ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከደምበጫ ማዶ ጀምሮ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ በኩል የሚያልፈውን አስፋልት ሳይሆን፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለውን ገጠር ነው። በደቡብ በኩል ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል በሜጫ ሜዳ አድርጎ እስከ አቸፈርና እስከ ሊበን ይዘልቃል። የፍኖተ ሰላም ከተማ ስም ትርጉሙ «የሰላም መንገድ» መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በዚህ አገር ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ መጠኑም ከሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ተምጫ፣ ብር፣ ላህ፣ ፈጣም የተባሉት ወንዞች በበጋ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሯቸው ሲሆኑ፣ በነሐሴ ግን ሰው ከነበቅሎው ይወስዳሉ። ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት መንገድ በአብዛኛው ዛሬም የእግር መንገድ ነው። ይህን መንገድ ያቆመው የመንግሥት በጀት ሳይሆን ደመወዝ የማይከፈለው የጎረቤት ጉልበት ነው።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

የጎጃም የእግር መንገድ መሐንዲስ አልቀየሰውም፤ ቢሆንም በዘፈቀደ የተረገጠ አይደለም። ጥንታዊው የበቅሎ መንገድ በተቻለ መጠን የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ውሃ ከጀርባው ወደ ሁለቱም ወገን ስለሚሸሽ መንገዱ ይደርቃል፤ የሚሻገራቸው ጅረቶችም ያንሳሉ። ቁልቁለት ሲያጋጥመው ይጠማዘዛል። ጭነት የያዘች በቅሎ ከመቶ ሜትር ርዝመት ላይ አሥር ሜትር የሚወርደውን ያለ ችግር ትወርዳለች፤ ከዚያ የበለጠውን ግን ነጂው ራሱ ያዞርላታል። ዛሬ ስለ ገጠር የእግር መንገድ የሚታተሙት መመሪያዎች የሚፈቅዱት ተዳፋት ከዚሁ እምብዛም አለመራቁ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሁለቱም የተማሩት ከአንድ መምህር፣ ይኸውም ከውሃ ነውና።

የእግረኛ መንገድ ጠላት እግር አይደለም፤ ውሃ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አፈር ላይ በበጋ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረው መሬት በክረምት ውሃ ከመራው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ ጉልበት፣ ቀጥሎም እስከ ወገብ ይጎደጉዳል። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ አይቦረቦርም፣ ይውጣል እንጂ። በዋልካ ላይ የሚሄድ መንገደኛ ጭቃውን ሽሽት ወደ ዳር ይወጣል፤ የሚከተለውም ከእርሱ ዳር ይወጣል፤ እንዲህ እየሆነ የአንድ ክንድ መንገድ ሃያ ክንድ ይሰፋል።

የዚህ ሁሉ ውሃ ከፊሉ ከሰማይ በቀጥታ የሚወርድ ነው። ከፊሉ ግን ከማሳ የሚመጣ ነው፤ የነገሩም ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ገበሬ ማሳውን ከዘራ በኋላ ትርፍ ውሃ እንዲወጣለት በበሬ ሰያፍ ትልም ያወጣል፤ ይህን ትልም ፈሰስ ይለዋል። ፈሰስ አዝመራን ከመጥለቅለቅ፣ አፈርንም ከመታጠብ የሚያድን፣ በብዙ ትውልድ የተፈተነ ጥበብ ነው። ነገር ግን የሚሰበሰበው ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። የላይኛው ባለማሳ ፈሰሱን ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ማሳ ቢለቀው ጠብ ይነሣል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ ግን የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ፈሰሱ ወደዚያ ይለቀቃል። አንድ ጋራ ላይ ያሉ አሥር ባለማሳዎች እንዲሁ ካደረጉ መንገዱ መንገድነቱ ይቀርና ወንዝ ይሆናል። የወንዝ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ወደ ታች ይቆፍራል፣ ወደ ጎን ይንዳል፣ በመጨረሻም የእነዚያኑ ባለማሳዎች ድንበር ይበላል።

እንግዲህ የመንገድ ጥገና ሲባል በዚህ አገር ድንጋይ ማንጠፍ ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የእገሌ ፈሰስ ወዴት ይውጣ የሚለውን መወሰን ነው። ይህንንም የሚወስኑት የጎጡ ሽማግሎች ናቸው። ሽማግሎቹ ጋራውን በእግራቸው ዞረው፣ የውሃውን መውረጃ አይተው፣ ሳር ወደ በቀለበት ወይም ዓለት ወደ ወጣበት ስፍራ እንዲመራ ይበይናሉ። ከብይኑ በኋላ ያለው የጉልበት ሥራ ቀላል ነው፤ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ድንጋይ እየደረደሩ ውሃውን ወደ ዳር መቀልበስ፣ የጎደጎደውን በድንጋይና በአፈር መሙላት፣ የተንጠለጠለውን ቁጥቋጦ መመንጠር፣ የመሻገሪያውን ድንጋይ ማስተካከል ነው። ከሁለት ወቅት በአንዱ ይሠራል፤ ወይ ዝናቡ ሳይጀምር በግንቦት፣ ወይ ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሳይደርቅ። በደረቅ ወራት ቀይ አፈርን መቆፈር ጉልበት መጨረስ መሆኑን ቆፍሮ ያላየ ባለሙያ ብቻ ይስተዋል፤ ስንት የመሥሪያ ቤት የሥራ ፕሮግራም ግን የካቲትን እንደሚመርጥ የማኅበራችን አባላት ያውቁታል።

ሥራውን የሚሠራውስ ማን ነበር? የአገራችን የኅብረት ሥራ ልማድ ሲነሣ ወንፈልና ደቦ ይጠቀሳሉ፤ ደቦን ጅጊ የሚሉትም አሉ። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ እየተባለ በጥቂት ሰዎች መካከል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት። ደቦ ከዚህ ይሰፋል፤ ጠሪው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ አገሩን ሁሉ ለአጨዳ ወይም ለቤት ሥራ ይጠራል፤ የመጣውም በግብዣው ይደሰታል። የመንገድ ሥራ ግን ከሁለቱም አይገባም። ብድሩን የሚመልስ ሰው የለም፤ ጠላ የሚጠምቅ ባለቤትም የለም። ስለዚህ መንገዱ የሚሠራው በአጥቢያ ስም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይነገራል፤ ሞፈርና ቀንበር የማይነሣበት በዓል ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ዶማውንና ስንቁን ይዞ ይወጣል። የማይመጣ ሰው ይታወቃል። ቅጣቱ ከገንዘብ ይልቅ ሐሜት ነው፤ ገበያ ሲወርድ «እግር አለው እንዴ?» ይባላል።

ይህን «በጎ ፈቃድ» ማለት ይቻላልን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጎረቤት የሚያየው ሰው ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም። ነገር ግን ከግዳጅ ሥራም ፈጽሞ የተለየ ነው። የጎጃም ገበሬ ግዳጅን አሳምሮ ያውቃል፤ ለሹም ሁዳድ አርሷል፣ ግብር ተሸክሟል፣ በጠላት ዘመን በግድ ድንጋይ ፈልጧል። በግዳጅ ሥራ ላይ የሚያዝዘው ሌላ፣ የሚጠቀመው ሌላ ነው። በአጥቢያው መንገድ ላይ ግን ድንጋዩን የሚያስቀምጠው ሰው ነገ እናቱን በዚያው መንገድ ለክርስትና ወይም ለተዝካር ይዞ የሚሄደው ራሱ ነው። በድንጋዩ አቀማመጥ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ለንጽጽር ያህል፣ ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1555 የወጣው የጎዳና ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ በክልሉ ያለውን መንገድ እንዲጠብቅ፣ ነዋሪውም በዓመት 4 ቀን ያለ ደመወዝ እንዲሠራ አዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1563 ቀኑ ወደ 6 ከፍ አለ፤ ሥርዓቱም እስከ 1835 ቆየ። ልማድ የነበረው ሕግ በሆነ ጊዜ ሥራው እንደ ተሻለ የሚያሳይ ብዙ ነገር የለም፤ ይልቁንም ሰው ቀኑን ለመቁጠር እንጂ መንገዱን ለማበጀት አይወጣም የሚል ስሞታ በዝቶ ነበር። በፈረንሳይም ተመሳሳዩን ግዴታ ቱርጎ የተባለው የገንዘብ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ1776 ለማስቀረት ሞክሯል። ከዚህ የተለየውን ምሳሌ የምናገኘው በፔሩ ተራሮች ነው። በዚያ አፑሪማክ በተባለው ወንዝ ላይ ከሳር ገመድ የተሠራ ቄስዋቻካ የሚባል ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፤ በዙሪያው ያሉ መንደሮች በየዓመቱ አሮጌውን ጥለው በጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ ይገምዳሉ። ድልድዩ ከአንድ ዓመት በላይ እንዲኖር አልታሰበም፤ ጥበቡ ግን ከኢንካ ዘመን ጀምሮ ኖሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በቅርስነት የመዘገበው ድልድዩን ሳይሆን በየዓመቱ የማደስ ልማዱን ነው።

ስለ ድልድይ ካነሣን ወደ ጎጃም እንመለስ፤ የዓባይ ታሪክ ስለ ጥገና የሚያስተምረው ብዙ ነውና።

በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607—1632) የተሠራ ነው። የአገሬው ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ግንቡ ሲቦካ እንቁላል ገብቶበታል እያለም ይተርካል። እንቁላሉን ለተራኪዎች ትተን፣ የድልድዩ ምስጢር ኖራ መሆኑን መናገር ይበቃል፤ የኖራ ግንብ በአገራችን የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው። ድልድዩ ወንዙ በጠባብ ዓለት መካከል በሚያልፍበት ስፍራ ላይ ስለ ተተከለ መሠረቱ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ነው፤ እስከ ዛሬም ሰውና ከብት ይሻገርበታል።

ከዚያ ዝቅ ብሎ በሞጣና በእንዳቤት መካከል ያለው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው ሁለተኛው ድልድይ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከለኛው ቅስት እንዲፈርስ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ጦርነቱ በ1933 ዓ.ም. አበቃ፤ ድልድዩ ግን ሳይጠገን ስድሳ ዓመት ኖረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጎጃምና የበጌምድር ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ በሁለቱ ወገን የቆሙ ሰዎች ተሻጋሪውን በወገቡ አሥረው በተቆረጠው ቅስት ላይ ይጎትቱታል፤ ከሥሩ ዓባይ ይሄዳል።

ይህ ገመድ ለሙያችን ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በብዙ ሚሊዮን ብር መንገዶች ተዘረጉ፤ መሐንዲሶች ተመረቁ። ያች ጥቂት ሜትር ክፍተት ግን በማናቸውም ፕሮግራም ውስጥ አልገባችም፤ ምክንያቱም መኪና አይሄድባትም። በመጨረሻ ሊጠግናት የተነሣው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ነው፤ በአንድ መጽሔት ላይ ሰው በገመድ ሲጎተት የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይቶ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2002 በጎ ፈቃደኞችና የአካባቢው ሰዎች የብረቱን አካል እስከ ስፍራው በሰውና በእንስሳ አጓጉዘው ክፍተቱን ዘጉት። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓባይ ሙላት ያንን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከውሃው ሙላት ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት የውጭውን ሰው በጎነት ነው፤ በጎነቱን የሚክድ የለም። እኔ ግን ይበልጥ የምመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አሮጌውን ቅስት መጠገን ትክክል የመሰለው ለዓይን ስለ ነበረ ነው፤ የሙላቱ ከፍታ ከቅስቱ ጋር አልተስማማም፤ ሦስተኛው ሥራ የጸናው ወንዙን ከፍ ብሎ ስላለፈው ነው። ሁለተኛው፣ የአካባቢው ሰው ጉልበት ስድሳውንም ዓመት በዚያው ነበረ፤ ገመዱን ሲጎትት የኖረው ያው ጉልበት ነው። የጎደለው ብረት፣ ሽቦና ስሌት ነበር። ይኸውም የእኛ ድርሻ ነበር ማለት ነው።

በምዕራብ ጎጃም አቅራቢያ የሦስተኛ ድልድይ ታሪክ አለ፤ ከሁለቱ ያነሰ ዝና ቢኖረውም ለመሐንዲስ የሚያስደስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ንጉሥ የተባሉት የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት በተምጫ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ እንዲሠራላቸው አደረጉ። ሥራውን የመራው ከቢያንኪ ተልእኮ ጋር የመጣው ኢጣሊያዊው መሐንዲስ ካውንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ ነው፤ ጊዜውም 1880ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነበር። ይህ ሰው ኋላ በውጫሌ ውል ክርክር ጊዜ የኢጣሊያ ወኪል ሆኖ በዐፄ ምኒልክ ዘንድ የተቀመጠው ነው። ንጉሡ ድልድዩን የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጎጃም ሀብት ከዓባይ ማዶ በሚመጣው ንግድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከጉድሩ በኩል የሚሻገረው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በባሶ ገበያ ይከማቻል፤ በበቅሎና በአህያ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በየመሻገሪያውና በየኬላው ነጋዴው ቀረጥ ይከፍላል። ቀረጡ ለሹሙና ለንጉሡ የሚገባ እንጂ ለመንገዱ የሚውል አልነበረም። ሲራራ ነጋዴው የሚሄድበትን ቁልቁለት በየዓመቱ ያበጀው የነበረው ቀረጥ የማይደርሰው ባላገር ነው።

የመንገድ እጦት ለመንግሥት ምን ያህል እንደሚከብድ በግልጽ የታየው በ1933 ዓ.ም. በዚሁ አውራጃ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ጭነቱን ያመጣው በብዙ ሺህ ግመሎች ነበር። ግመሎቹ የደጋውን ብርድና አቀበት አልቻሉም፤ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በዚያው ጊዜ አርበኞች በአገሩ ቀጭን መንገድ በበቅሎና በእግር ከጠላት ምሽግ ወደ ምሽግ ይፈጥኑ ነበር። የቡሬ ምሽግ የተለቀቀው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዘመቻ በተጻፉት መጻሕፍት ስለ ግመሎቹ ብዙ ተብሏል፤ አርበኛውን ስላመላለሰው መንገድ የተባለ ግን ጥቂት ነው።

ከነጻነት በኋላ አውራ ጎዳናው መጣ፤ ከተሞቹም ወደ እርሱ ተሰበሰቡ። ይህ ታሪክ በሌላ ስፍራ በሰፊው ስለ ተጻፈ አልደግመውም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን ከመንገድ መሥሪያ ቤት ውጭ የተፈጸመ፣ የእግር መንገዱን ኑሮ ከሥሩ የለወጠ ሌላ ነገር ነው። ይኸውም የመሬት ጉዳይ ነው።

ቀድሞ የእግር መንገድ ራሱን ይጠግን ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። አንዱ መስመር ሲጎደጉድ መንገደኛው አሥር ክንድ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፤ ግጦሽና ጠፍ መሬት በዙሪያው ስለ ነበረ የሚከለክለው የለም፤ አሮጌው መስመር ሳር ያበቅላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ያገግማል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ መሬት በገበሬ ማኅበራት እጅ ተደለደለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደ ገና ሽግሽግ ተደረገ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ይዞታ እየተለካ በደብተር ተመዘገበ። ሕዝቡ በዚህ መካከል በዝቷል፤ ቀድሞ ለከብት የተተወው ዳገት ታርሷል። የማሳው ድንበር ከጸና፣ መንገዱ ፈቀቅ የሚልበት ስፍራ የለውም። በሁለት ደብተር መካከል ተጣብቆ፣ የሁለቱንም ፈሰስ እየጠጣ፣ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። ቀድሞ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይበቃው የነበረ ጥገና ዛሬ በየዓመቱ ግድ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው እላለሁ፤ ሰው ሰነፈ የሚለውን የተለመደ ሐሜት አልቀበልም።

በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት ሰውን ለመንገድ ሥራ ያስወጡ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ምግብ ለሥራ መጣ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ በዘመቻ ይካሄድ ጀመረ፤ በዚያው ጊዜ ቀበሌዎችን ሁሉ በክረምት ከበጋ መንገድ ለማገናኘት ብሔራዊ ፕሮግራም ተነደፈ። ከነዚህ ሥራዎች ብዙ ጥቅም ተገኝቷል፤ እርከኑ በተያዘበት ተዳፋት ላይ የጎርፉ ጉልበት ሲቀንስ በዓይን ይታያል፤ ያ ለእግር መንገዱም ዕረፍት ነው። ሆኖም ግን የዘመቻው ሥራና የአጥቢያው ሥራ አንድ አይደሉም። ዘመቻ ሪፖርት የሚደረገውን ይሠራል፤ በዚህ ዓመት የተቆፈረው ኪሎ ሜትር ይጻፋል፤ ባለፈው ዓመት የተሠራው ቢፈርስ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። በአንዳንድ ስፍራ ሰው ለዘመቻው የሚወጣበትን ቀን ከቆጠረ በኋላ «የእኛ ድርሻ አልቋል» ማለት ጀመረ፤ ቀድሞ በራሱ የሚያበጀውንም መሻገሪያ የቀበሌ ሥራ አድርጎ ቆጠረው። የእንግሊዝን የ6 ቀን ሕግ ያስታውሰኛል።

ታዲያ ልማዱ ጠፍቷልን? አልጠፋም። ከሁሉ ይልቅ ያቆየው ደግሞ ቃሬዛ ነው።

መኪና በማይደርስበት ገጠር በሽተኛን፣ በተለይም ምጥ የጸናባትን ሴት፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ቃሬዛ ነው። በብዙ ቀበሌ የቃሬዛ ማኅበር እንደ ዕድር ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሸካሚ ያወጣል፤ ጥሪ ሲሰማ ሌሊትም ቢሆን ይወጣል፤ አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ ይሸከማሉ። ለሚሸከም ሰው የመንገዱ ጥራት የሐሳብ ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው በጠባብ ቦይ ውስጥ እግሩን እያሳለፈ ሊሄድ ይችላል፤ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ሸካሚዎች ግን አይችሉም። በጎደጎደ መንገድ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ቃሬዛው ያጋድላል፤ በጨለማና በጭቃ አንዱ ቢወድቅ ሁሉም ይወድቃሉ። ስለዚህ የቃሬዛ ማኅበር ባለበት ስፍራ መንገዱን ማበጀት የማኅበሩ ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ ከመስቀል በኋላ ዶማ ይዘው የሚወጡት እነዚያው ሸካሚዎች ናቸው። መለኪያቸውም ከእኛ መመሪያ ይልቅ ግልጽ ነው፤ አራት ሰው ከነጭነቱ ሳይተላለፍ የሚያልፍበት፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ይህ ስፋት ለጭነት በቅሎ ይበቃል፤ በሜጫና በአቸፈር ሜዳ ለሚነዳው ብስክሌትም ይበቃል። የባሕር ዳር ሰው ብስክሌትን እንዴት እንደሚወድ የታወቀ ነው፤ ልማዱ ወደ ገጠሩም ወጥቷል፤ በ7 ሺህ ሄክታር ላይ በተዘረጋው የቆጋ መስኖ የቦዮቹ ዳር ለቁጥጥር ተብሎ የተደለደለ ቢሆንም ተማሪውና ነጋዴው ለእግርና ለብስክሌት ያውለዋል። ቦይ ጠራጊው ሲጠርግ መንገዱም አብሮ ይጠበቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ አስፋልቱ በተደጋጋሚ በተዘጋ ጊዜ፣ መድኃኒትና እህል የደረሰው፣ በሽተኛም የተጓዘው በእነዚሁ ቀጭን መንገዶች መሆኑን መጨመር ይገባል። ያን ጊዜ የጥገና በጀት ያለው መንገድ ጭር ብሎ፣ በጀት የሌለው መንገድ አገልግሏል።

ለባልደረቦቼ ማቅረብ የምፈልገው ሐሳብ ሥራውን ከእነዚህ ሰዎች ወስደን እኛ እንሥራው የሚል አይደለም። በኔፓል ተራሮች ብዙ ሺህ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድዮች ተሠርተዋል። በዚያ አገር የተለመደው አሠራር ይህ ነው፤ ሽቦውንና ስሌቱን ባለሙያ ያመጣል፣ ድንጋዩንና አሸዋውን መንደሩ ያጓጉዛል፣ ከዚያም ቡሎኑን የሚያጠብቅና እንጨቱን የሚለውጥ የመንደር ሰው ይመደባል። ይኸው ጥበብ በሄልቬታስ አማካይነት ወደ አማራ ክልልም ገብቷል። በዚህ አሠራር ድልድዩ የሚነደፈው ጠባቂው ሊጠግነው በሚችለው ዕቃ ነው፤ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ የማይገኝ ቡሎን አይገባበትም። ለመንገዱም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። አንድ የወረዳ መሐንዲስ በግንቦት አንድ ቀን ከሽማግሎቹ ጋር ጋራውን ቢዞር፣ ፈሰሶቹ የሚገናኙበትን ስፍራ በውሃ ልክ ቢለካላቸው፣ በሁለትና በሦስት ስፍራ የድንጋይ መውረጃ እንዲሠራ ቢያመለክት፣ የቀረውን እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የመሬት ደብተር ሲታደስ የእግር መንገዱ ስፋት በሁለቱ ባለይዞታዎች ወሰን መካከል አንድ ሜትር ተኩል ሆኖ ቢጻፍ ደግሞ ሽማግሌው በቃል የሚበይነውን ብይን ወረቀት ይደግፈዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ የውሃ ልክ፣ የአንድ ሜትርና የአንድ ቀን አበል ነው፤ የትኛው የወጪ መደብ ላይ ይጻፍ የሚለው ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።